ታሪክ እንዳይጠይቁ የታዘዙ ሐኪሞች

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች «ከሙያሽ ጋር የሚነካካ፣ ግን የሕክምና ጽሑፍ ያልሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ብዙም አላመነታሁም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተረኛ ባልሆንኩበት ማታ ሁሉ የማነበው ስለ አንድ የመርከብ ዓይነት ነው። ቤተሰቦቼ ሰልችቷቸዋል፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው፣ የባቻችን ልጆች። መርከቡ ታንክና ወታደር ጭኖ፣ ወደብ በሌለበት ዳርቻ ላይ በአፍንጫው ወጥቶ የሚያራግፍ ነው። ፈረንጆቹ በሦስት ፊደል «ኤልኤስቲ» ይሉታል፤ ታንክ አውራጅ መርከብ እንደማለት ነው። እኔ እዚህ አራጋፊ መርከብ እለዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባሕር የሌላት አገር ሐኪም ከመርከብ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዲህ ያሉ መርከቦች እኮ እኛም ነበሩን። ምጽዋን መናኸሪያው ያደረገው የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ከሶቪየት ኅብረት ያገኛቸው አራጋፊ መርከቦች ነበሩት። እኔም ስለ እነዚህ መርከቦች መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ለደም ግፊት ክትትል ከሚመጡ አንድ አዛውንት ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ድሮ ሥራዎ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉና «የባሕር ኃይል ሰው ነበርኩ» አሉኝ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የመድኃኒት ካርቶን መርከብ፣ የካርዱን ጠርዝ ደግሞ ዳርቻ አድርገው ያስረዱኝ ጀመር። «መርከብ ዳር ላይ ማውጣት ቀላል ነው፤ ችግሩ መመለሱ ነው» አሉኝ። «ስለዚህ ገና መሬት ሳንነካ የኋላውን መልሕቅ ጥለን እንገባለን። ስንጨርስ ያንኑ ሰንሰለት እየጠቀለልን ራሳችንን ጎትተን እንወጣለን።» ነርሷ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍታ ተመለከተችን፤ ውጭ ያለው ሰልፍ ረዝሟል። እሳቸው ግን ስለዚህ ነገር የጠየቃቸው ሰው ከተገኘ ብዙ ዓመት እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መርከቡ እንዴት ተወለደ?

ነገሩ የሚጀምረው ከሽሽት ነው። በ1940 ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ጦር በፈረንሳይዋ ደንከርክ ተከቦ በባሕር ወጣ። ከ338 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች ሲተርፉ ታንኩ፣ መድፉና ተሽከርካሪው ግን ዳርቻው ላይ ቀረ። እንግሊዞች አንድ ቀን ወደ አውሮፓ መመለስ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ጀርመን ወደብ ከፍቶ እንደማይጠብቃቸውም ያውቃሉ። ስለዚህ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ፣ ሲደርስ ግን እንደ ታንኳ አሸዋ ላይ የሚወጣ መርከብ አስፈለጋቸው። ለጊዜው በቬኔዙዌላው የማራካይቦ ሐይቅ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነዳጅ ያመላልሱ የነበሩ ሦስት መርከቦችን አፍንጫቸውን ቀደው በር ሠሩላቸው። ሐሳቡ ሠራ፤ መርከቦቹ ግን ቀርፋፎችና ጥቂት ነበሩ።

እንግሊዞች ችግራቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዚያ በባሕር ኃይሉ የመርከቦች ቢሮ የሚሠራው ንድፍ አውጪ ጆን ኒደርሜየር ኅዳር 4 ቀን 1941 አንድ ረቂቅ ነደፈ። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ችግሩ ይኼ ነው፦ ማዕበል የሚቋቋም መርከብ ወደ ውሃው ጠልቆ መቀመጥ አለበት፤ ዳርቻ የሚወጣ መርከብ ደግሞ ከውሃው ከፍ ማለት አለበት። ሁለቱ አይታረቁም። የኒደርሜየር መፍትሔ ከሰርጓጅ መርከብ የተዋሰው ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ትልልቅ ጋኖች አሉ። በጉዞ ላይ በባሕር ውሃ ይሞላሉ፤ መርከቡ ይከብድና ይረጋጋል። ዳርቻው ሲቃረብ ውሃው በፓምፕ ይወጣል፤ መርከቡ ይነሣል፤ አፍንጫው ከኋላው ይቀልና ቀስ ብሎ አሸዋው ላይ ይንሸራተታል። እኛ በሥራችን ፈሳሽ ስንሰጥና ስናስወጣ የምንውል ሰዎች ይህን ለመረዳት የሚከብደን አይመስለኝም።

የተሠራው መርከብ 100 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 15 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ሆዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት የሆነ የታንክ አዳራሽ ነው። አፍንጫው ላይ እንደ ቁም ሣጥን ወደ ግራና ቀኝ የሚከፈቱ ሁለት በሮች አሉት፤ ከበሮቹ በስተጀርባ ደግሞ እንደ ድልድይ የሚወርድ መወጣጫ። ታንኮቹ ከመውረዳቸው በፊት ሞተራቸውን የሚያስነሡት እዚያው የተዘጋ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ አሳሳቢ ሆነ። በዚህ የተነሣ ከባሕር እጅግ በራቀው በኬንታኪ ግዛት፣ በፎርት ኖክስ የታንክ ጦር ሰፈር የመርከቡን ሆድ የሚመስል ሕንፃ መሬት ላይ ሠርተው ታንክ እያስነሡ የአየር ማስወጫውን ፈተኑት። አንድ ሰው አስቀድሞ «ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ይተነፍሳሉ?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። ይህን ጥያቄ አስታውሱልኝ።

በጦርነቱ ዘመን 1,051 እንዲህ ያሉ መርከቦች ተሠሩ። ብዙዎቹ የተሠሩት ከባሕር ርቀው፣ በወንዝ ዳር ባሉ የኢንዲያና፣ የኢሊኖይና የፔንሲልቫኒያ ከተሞች ነው። ቀድሞ መርከብ አይተው የማያውቁ ሰዎች ብየዳ እየተማሩ ገጣጠሟቸው፤ ከእነዚያም መካከል ሴቶች ብዙ ነበሩ። በኢንዲያናዋ ኢቫንስቪል ብቻ 167 ተሠርተዋል። መርከቡ ፍጥነት አልነበረውም፤ ታችኛው አካሉ ዝርግ ስለሆነም በማዕበል ክፉኛ ይንገላታል። መርከበኞቹ ሦስቱን ፊደላት «ትልቅ ቀርፋፋ ዒላማ» ብለው ፈትተዋቸው ነበር። እንደ ቀልዱ ግን አልሆነም፤ ከ1,051ዱ በጠላት የጠፉት 26 ብቻ ናቸው።

የመመለሻው ጭነት

ባዶውን የሚመለስ መርከብ ብክነት ነው። ታንኩን ካወረደ በኋላ ያ ሰፊ አዳራሽ ባዶ ይቀራል፤ ዳርቻው ላይ ደግሞ ቁስለኛ ሞልቷል። ስለዚህ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ቃሬዛ በላይ በላዩ የሚሰቀልባቸው ማያያዣዎች ተገጠሙ፤ በስተኋላ በኩልም ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ቦታ ተዘጋጀ፤ ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ተመደቡ። ጠዋት የናፍጣ ጭስ የሞላው አዳራሽ ማታ ዋርድ ይሆናል። በሰኔ 1944 በኖርማንዲ የተባበሩት ኃይሎች ጦር ካረፈ በኋላ እነዚህ መርከቦች 41,035 ቁስለኞችን የእንግሊዝን መተላለፊያ ባሕር አሻግረው ወደ እንግሊዝ መልሰዋል።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ቆም አልኩ። ማንም ሐኪም ይህን መርከብ ለቁስለኛ ብሎ አልነደፈውም። የሆስፒታል መርከብ አይደለም፤ ቀይ መስቀል አልተቀባበትም፤ መድፍ የታጠቀ ነበር፣ ጠላትም ሊመታው ይችላል። ግን ቁስለኛው ባለበት ቦታ ድረስ አፍንጫውን ማስገባት የሚችል ሌላ ትልቅ መርከብ አልነበረም። ነጩ የሆስፒታል መርከብ ከሩቅ ቆሞ በጀልባ ሲጠብቅ፣ አራጋፊው አሸዋው ላይ ወጥቶ በሩን ይከፍታል፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹም እግራቸው ሳይረጥብ ሊገቡ ይችላሉ። በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ደግሞ ከዚህ አልፈው አንዳንዶቹን ለሕክምና ብቻ አመቻቹ። በየካቲት 1945 በኢዎ ጂማ ደሴት ጦርነት ጊዜ አራት እንዲህ ያሉ መርከቦች ከዳርቻው ትንሽ ፈንጠር ብለው ቆመው ቁስለኛ ይለዩ ነበር። አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ወደ ትልቁ መርከብ የሚተላለፈው፣ ትንሽ ሊቆይ የሚችለው ይለያል። ዛሬ በድንገተኛ ክፍላችን በር ላይ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የምንሠራው ትሪያጅ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወለሉ የሚወዛወዝ መሆኑ ነው።

የላይም ባሕረ ሰላጤ ሌሊት

ከኖርማንዲው ማረፍ ስድስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ፣ በደቡብ እንግሊዝ ዴቨን በሚባለው አውራጃ አንድ ልምምድ ተደረገ። ስሙ «ነብር» ነው። ቦታው የተመረጠው ስላፕተን የተባለው ዳርቻ አሜሪካኖቹ ዩታ ብለው የሰየሙትን የፈረንሳይ ዳርቻ ስለሚመስል ነው። ለዚህ ሲባል ሦስት ሺህ ያህል የአካባቢው ሰዎች ከነከብታቸው ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጎ ነበር።

ሚያዝያ 28 ቀን 1944፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ስምንት አራጋፊ መርከቦች በላይም ባሕረ ሰላጤ ላይ ተከታትለው እየተጓዙ ነበር። ሆዳቸው በወታደርና ነዳጅ በተሞሉ ተሽከርካሪዎች ተጨናንቋል። ሊጠብቃቸው ከተመደቡት ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አንዱ ቀደም ብሎ በግጭት ተጎድቶ ወደብ ቀርቷል፤ ሌላው ብቻውን ፊት ፊት ይመራል። ከፈረንሳይዋ ሸርቡርግ ወደብ የወጡ ዘጠኝ ፈጣን የጀርመን ቶርፔዶ ጀልባዎች ደረሱባቸው። እንግሊዞች ጀልባዎቹን አስቀድመው አይተው ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ ልከው ነበር። አራጋፊዎቹ ግን አልሰሙም። በትእዛዙ ወረቀት ላይ በጽሕፈት መኪና ስሕተት የተጻፈ የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር ነበረና የሚያዳምጡት ሌላ ሞገድ ነው።

507 ቁጥር ያለው መርከብ ተመትቶ ነደደ። 531 በሁለት ቶርፔዶ ተመትቶ ስድስት ደቂቃ ባልሞላ ወይም በዚያ ገደማ ጊዜ ውስጥ ሰጠመ። 289 ኋላው ተቆርጦም ቢሆን እየተጎተተ ወደ ዳርትመዝ ወደብ ገባ። በብዙዎች ዘንድ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 749 ነው። በጥቂት ሳምንታት ልዩነት እውነተኛው ጦር በዩታ ዳርቻ ሲያርፍ በመጀመሪያው ቀን የሞተው ሰው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር።

በ507 ላይ ዩጂን ኤክስታም የሚባል ወጣት የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። ከዓመታት በኋላ በሰጠው ምስክርነት፣ መርከቡ ሲነድ ወደ ታንኩ አዳራሽ የሚያስገቡትን በሮች እየዞረ ሲያይ ውስጥ ሰው ይጮህ እንደነበር ተናግሯል። ሊገባ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። እሳቱ አየር እያገኘ የቀረውን መርከብ እንዳይበላ የብረት ክዳኖቹን አንድ በአንድ ዘግቶ ቆለፈ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዘለለ። በዕድሜው ገና ሀያዎቹ ውስጥ ነበር፤ ከእኛ ኢንተርኖች ብዙም የማይበልጥ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ፎርት ኖክስ ላይ «ምን ይተነፍሳሉ?» ተብሎ በጥንቃቄ የተፈተነው ያው አዳራሽ ነው።

ከእሳቱ የተረፉትን የገደላቸው ብርድና ቀበቶ ነው። የባሕሩ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋ ነበር። በዚህ ውሃ ውስጥ ሰው መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ ሐሳቡን፣ በመጨረሻ ልቡን ያጣል። እግረኞቹ የተሰጣቸው ተንሳፋፊ ቀበቶ በአየር ሲነፋ ብብት ሥር መቀመጥ ነበረበት። በጀርባቸው የተሸከሙት ስንቅና ትጥቅ ቦታ ስላልሰጣቸው፣ በትክክል ያሳያቸውም ስላልነበረ፣ ብዙዎቹ ወገባቸው ላይ አሰሩት። ውሃ ውስጥ ሲነፋ ከወገብ በታች ያለውን አነሣና ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ደፋው። ነግቶ ጀልባዎች ሲደርሱ እግራቸው ወደ ላይ የሆነ ብዙ አስከሬን ነበር።

ትእዛዙ መርከቦቹ ተበትነው ወደ ዳር እንዲሸሹ ነበር። የ515 አዛዥ ጆን ዶይል ግን መርከቡን አዙሮ ተመለሰና ከመቶ በላይ ሰው ከውሃ አወጣ።

«ታሪክ አትውሰዱ»

አሁን ወደ እኛ ቤት ደረስን። በዶርሴት አውራጃ፣ ሸርቦርን በምትባል ከተማ አጠገብ 228ኛው የሚባል የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ነበር። እዚያ ያገለግል የነበረው ዶክተር ራልፍ ግሪን በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተረከው፣ የሆስፒታሉ አዛዥ ኮሎኔል ጄምስ ኬንዳል ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃ ውስጥ የቆዩና ፍንዳታ ያቆሰላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይመጣሉ። የእንስሳት ሐኪም እንደሆናችሁ ቆጥራችሁ አክሟቸው። ምንም ጥያቄ አትጠይቁ፤ ታሪክ አትውሰዱ። የተናገረ በጦር ፍርድ ቤት ይጠየቃል። ከግቢው ማንም አይወጣም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኖርማንዲው ቀን ቀርቧል። ጀርመኖች ልምምዱ የምን እንደሆነ ከገባቸው በሌላው ዳርቻ የሚጠብቀው ሞት የትየለሌ ነው። ከጠፉት መካከል የማረፊያውን ምሥጢር የሚያውቁ አሥር መኮንኖች ነበሩ፤ በጀርመን እጅ አለመግባታቸውን ለማረጋገጥ የሁሉም አስከሬን እስኪገኝ ባሕሩ ተፈለገ። እኔ አዛዡን ለመኮነን አልተነሣሁም። በእሱ ቦታ ሆኖ ሌላ ትእዛዝ መስጠት የሚችል ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን እስቲ እንደ ሐኪም እናስበው። የመጀመሪያው ልጅ በቃሬዛ ገባ። ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ጥቁር ዘይት ለብሷል። መርከቡ ውስጥ ተዘግቶ ጭስ ስቦ ከሆነ ሳንባው ነገ ሊዘጋ ነው፤ አልጠየቅንም። ነዳጅ ውጦ ከሆነ ስናስታውከው ወደ ሳንባው ሊገባ ነው፤ አልጠየቅንም። ውሃ ውስጥ የቆየው 20 ደቂቃ ነው ወይስ አራት ሰዓት? የምናሞቀውም፣ ልቡን የምንጠብቀውም እንደዚያው ይለያያል። ሁለተኛው ልጅ ደግሞ በእግሩ ገባ፤ ቁስል የለውም፣ ሻይ ይጠይቃል። ነገር ግን ውሃ ውስጥ ሳለ አጠገቡ ፍንዳታ ነበር እንበል። የውሃ ውስጥ ፍንዳታ ቆዳ ሳይነካ አንጀትና ሳንባ ይቀድዳል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሆዱ እንጨት የሚሆንበት ይህ ልጅ ነው። እሱን የሚያድነው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሲፈነዳ ውሃ ውስጥ ነበርክ?»

የእንስሳት ሐኪሞች ወዳጆቼ ይህን ሲያነቡ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ፤ እነሱ እንኳ ባለቤቱን ይጠይቃሉ።

የሸርቦርን ሐኪሞችና ነርሶች የቻሉትን ሠሩ። ግሪን ከጦርነቱ በኋላ በሙያው ፓቶሎጂስት ሆነ። ያን ቀን ያላከበረውን ጥያቄ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ይዞት ቆይቶ፣ የመንግሥት ሰነድ እንዲከፈት በሚፈቅደው ሕግ ተጠቅሞ ወረቀቶቹን አስወጣ። የሕሙማኑን ታሪክ በ1944 አልጋቸው ዳር መውሰድ አልቻለም፤ አርጅቶ ከመዝገብ ቤት ወሰደው።

እዚህ ላይ ለእውነቱ ስል አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ነገሩ ለ40 ዓመት ሆን ተብሎ የተቀበረ ምሥጢር ነው ይላሉ። የጦር ታሪክ ጸሐፊው ቻርልስ ማክዶናልድ በ1988 ይህን ተቃውሟል። ኖርማንዲ ከተያዘ በኋላ፣ በዚያው በ1944 ክረምት ጉዳቱ ለጋዜጣ ተገልጧል፤ ከጦርነቱ ማግስትም በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ተጠቅሷል። እሱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ይህ ነገሩን አያቀለውም። ምሥጢሩ የሚያስፈልገው ለስድስት ሳምንት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የከለከለ የለም፤ የጠየቀም ግን ጥቂት ነው። የኖርማንዲ ወሬ ሁሉን ሸፈነው። ብዙ ቤተሰብ «በአውሮፓ የጦር ቀጠና ሞተ» ከሚል ቃል በላይ ሳያውቅ ኖረ። በስላፕተን አቅራቢያ የሚገኝ አንድ ሆቴል ባለቤት፣ ኬን ስሞል የተባለ ሰው፣ በዳርቻው አሸዋ ውስጥ ቁልፍና ጥይት እያገኘ መጠየቅ ጀመረ። ከባሕሩ ውስጥ የሰጠመ ታንክ በ1984 አስወጥቶ ቶርክሮስ መንደር ላይ መታሰቢያ አቆመ። ዛሬም አለ።

ጥያቄ የተጠየቀበትና ያልተጠየቀበት

የሚያስገርመው፣ በዚያው ጊዜ አንዳንድ ጥያቄ ተጠይቋል። የሬዲዮው ሞገድ ለምን ተለያየ? አንድ ወጥ ተደረገ። ቀበቶው ለምን ገደለ? ወታደሮቹ እንዴት እንደሚታሰር በትክክል ተማሩ። ከውሃ ማን ያወጣል? ለማረፊያው ቀን ሰው የሚያነሡ ትናንሽ ጀልባዎች ተመደቡ። እነዚህ መልሶች በኖርማንዲ ስንት ሰው እንዳተረፉ ማንም አይቆጥረውም፤ እንዳተረፉ ግን አልጠራጠርም። ያን ጊዜ የተጠየቀው መሣሪያውና አሠራሩ ነው። ሰዎቹ ናቸው የተዘለሉት።

ከተዘለሉት አንዱ አዛዡ ራሱ ነው። የልምምዱ የባሕር ኃይል አዛዥ ሪር አድሚራል ዶን ሙን ከዚያ ሌሊት በኋላ ዕረፍት አላገኘም። ኖርማንዲን መራ፤ ወዲያው ለደቡብ ፈረንሳይ ማረፊያ ዝግጅት ተላከ። ነሐሴ 5 ቀን 1944 በመርከቡ ላይ ራሱን አጠፋ። የተሰጠው ምክንያት የጦርነት ድካም ነው። ዛሬ በአንድ ክሊኒክ በር ቢገባ ማናችንም «ሌሊት ይተኛሉ?» ብለን የምንጀምረው ሕመምተኛ ነበር።

መርከቦቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከመካከላቸው 325 ቁጥር ያለው በሲሲሊ፣ በሳሌርኖና በኖርማንዲ ዳርቻ ወጥቷል፤ ወደ ፈረንሳይ ከ40 ጊዜ በላይ ተመላልሷል። ኋላ ለግሪክ ባሕር ኃይል ተሰጥቶ ለዓመታት አገለገለ። በ2000 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ፣ አማካይ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ የቀድሞ መርከበኞች ግሪክ ድረስ ሄደው ራሳቸው ጠግነው፣ ራሳቸው እየነዱ አትላንቲክን አሻግረው በጥር 2001 ወደ አሜሪካ አስገቡት። ዛሬ ኢቫንስቪል ውስጥ ሙዚየም ነው። ልጆች በዚያ የታንክ አዳራሽ ውስጥ ሲራመዱ ቃሬዛ የት ይሰቀል እንደነበር የሚያሳያቸው አለ።

ስለ እኛ

ሦስተኛ ዓመት ላይ ዋርድ ስንገባ መጀመሪያ የተሰጠን መሣሪያ ስቴቶስኮፕ አልነበረም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር። «ሂስትሪ ውሰዱ» ተባልን። ጥቁር አንበሳ ውስጥ አንድ አልጋ ዳር ቆመን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠይቀን፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ስናቀርብ «ከየት ነው የመጣው? ማን አመጣው? ሥራው ምንድን ነው? ከብት ይጠብቃል?» እየተባልን ተመልሰን እንደሮጥን የማያስታውስ የለም። ያኔ ማሰቃያ ይመስለን ነበር። መምህሮቻችን ግን አንድ ነገር እያስተማሩን ነበር፦ ሰውየው የሚናገረው የሕክምናው ግማሽ ነው፤ ማንነቱ ደግሞ ካርዱ ላይ የሚሞላ ባዶ ቦታ ማሟያ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል በየዘመኑ የጦር ቁስለኛ ያከሙ ብዙ ናቸው። ከእኛ የሚቀድሙት ባቾች በአሥመራም በምጽዋም በሌላም ግንባር ሠርተዋል። ከእኛ ባችም ሆነ ከኋላችን የመጡ ልጆች ከዚያ ወዲህ በነበሩት ጦርነቶች፣ መብራት በሌለበት ሌሊት በስልክ ብርሃን የሰፉ አሉ። የሸርቦርኑ ዓይነት ትእዛዝ በጽሑፍ ይምጣ አይምጣ፣ ቁስለኛ በብዛት ሲገባ ሁላችንም ጥያቄ እንቀንሳለን። ጊዜ የለም። አንዳንዴም ሰውየውን «ከየት ነህ?» ማለት ለእሱም ለእኛም ያስፈራል። ይህ ይገባኛል። ያን ሰዓት መዝለል ግድ ሊሆን ይችላል። ታሪኩ ግን ከሌሊቱ ጋር ማለቅ የለበትም፤ ማግስቱ፣ ሳምንቱ፣ ዓመቱ አለ። ሰውየው ለደም ግፊት ክትትል ሲመጣ ልንጠይቀው እንችላለን። ያከመውም ሐኪም እንዲሁ የሚጠይቀው ይፈልጋል፤ የአድሚራል ሙንን ነገር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

የባሕር ኃይሉ አዛውንት መልሕቁን አስቀድሞ ስለመጣል ሲነግሩኝ ያስተማሩኝ የመርከብ ነገር ብቻ አይመስለኝም። ወደ ክፉ ቦታ የሚላክ ሁሉ፣ ሐኪምም ቢሆን፣ የሚመለስበት ሰንሰለት ቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል። ለእኛ ሰንሰለቱ እርስ በርስ መጠያየቁ ይሆናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየመገናኛ በዓላችን ፎቶ እንነሣለን፣ እንጨፍራለን፣ ማን ሸበተ ማን ወፈረ እንባባላለን፤ ይህ ይቀጥል፣ ደስ ይላል። ከጎኑ ግን በግንባር፣ በስደተኛ ካምፕ፣ በወረርሽኝ ጊዜ የሠሩ አባሎቻችን ያዩትን በድምፅም በጽሑፍም የምናስቀምጥበት አንድ ጥግ ይኑረን። የሕሙማን ስም አይጠቀስም፤ ምሥጢራቸው እንደተጠበቀ ነው። የሐኪሙ ታሪክ ግን ይወሰድ። ቀላል በሆነው እንጀምር፦ የት ነበርክ? የት ነበርሽ? ስንት ነበራችሁ? ውሃ ከየት ታመጡ ነበር? በዘንድሮው እራት ላይ ከጎኔ የምትቀመጡ ሁሉ እንደምጠይቃችሁ ከአሁኑ ዕወቁት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ።